አስጎብኝታችሁ ልቀቋቸው

ጅሊብ አል ሹዩኽ ከኩዌት አውሮፕላን ማረፊያ አፍንጫ ሥር ያለ ሰፈር ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ በበቃላው፣ ማለት በሱቁ፣ ደጃፍ ቆሞ የሚያወራ ሰው አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ሲል ወሬውን ይቆርጥና ድምፁ እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል። የሰፈሩ ስም በአገሬው ዐረብኛ «የሼኾቹ ጉድጓድ» ማለት ነው፣ ውሃ የሚቀዳበት ጉድጓድ። ዛሬ ውሃው በቧንቧ ይመጣል፣ ሼኾቹም እዚህ አይኖሩም። የሚኖረው ህንዱ፣ ባንግላዴሹ፣ ግብፁ፣ ኔፓሉ፣ በመካከላቸውም እኛ ነን፣ አንዱን ክፍል ለስድስት ተከራይተን። ከሰፈሩ አንዱ ክፍል ሐሳዊ ይባላል። አዲስ የመጣ ሐበሻ ስሙን ሲሰማ ሐሳዊ መሲሕ ትዝ ብሎት ይስቃል።

እዚህ የቆየ ሰው አንድ ቃል ደጋግሞ ይሰማል፦ ገዝው። ወረራ ማለት ነው፣ ኢራቅ በ1982 ዓ.ም. ኩዌትን የወረረችበት። ኩዌቶች ዕድሜያቸውንም ቤታቸውንም በሱ ይቆጥራሉ፤ ይህ ግንብ ከገዝው በፊት የተሠራ፣ ያ ልጅ ከገዝው በኋላ የተወለደ እያሉ። አያቶቻችን «በጠላት ጊዜ» ሲሉ እንደኖሩት መሆኑ ነው። እኔን ግን ከወረራው ይልቅ የሚገርመኝ ከሱ በፊት የነበሩት 17 ቀናት ናቸው። በነዚያ ቀናት ጦሩ የተሰበሰበው ጭር ባለ ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዓለም እያየው ነበር።

ነገሩ የጥንቱን የፋርስ ንጉሥ ያስታውሳል። በመጽሐፈ አስቴር ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ 127 አገር ይገዛ ነበር የሚባለው አርጤክስስ፣ ሊቃውንት እንደሚሉት ግሪኮች ዜርክሲስ የሚሉት ነው። አባቱ ዳርዮስ የላከው ጦር በ490 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ማራቶን ላይ ተሸነፈ፣ ዳርዮስም ሳይበቀል ሞተ። ልጁ የግብፅን አመፅ ከደፈጠጠ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ለግሪክ ዘመቻ ተሰናዳ። መርከቦቹ በአቶስ ተራራ ዙሪያ በማዕበል እንዳያልቁበት የተራራውን አንገት አስቆፍሮ ቦይ አወጣ። በዛሬዋ ቱርክ፣ እስያና አውሮፓ በሚለያዩበት ወሽመጥ ላይ መርከብ ከመርከብ አሳስሮ ድልድይ ዘረጋ። የመጀመሪያውን ድልድይ ማዕበል ሲበጥስበት ባሕሩ 300 ጅራፍ እንዲገረፍ አዘዘ ይባላል። ሠራዊቱ በሚያልፍበት የትራቄና የመቄዶንያ ዳርቻም አስቀድሞ የእህል ግምጃ ቤት አቆመ።

ግሪኮች ይህን ሰምተው ሦስት ሰላዮች ሰርዴስ ወደምትባለው ከተማ ላኩ። ተያዙ። የጦር አዛዦቹ ሊገድሏቸው ሲወስዷቸው ንጉሡ አስመልሶ፣ እግረኛውንም ፈረሰኛውንም አንድ ሳይቀር አስጎብኝታችሁ፣ አይተው ሲጠግቡ ወደፈለጉበት ልቀቋቸው አለ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የንጉሡን ምክንያትም ይነግረናል። ሦስት ሰው ቢገደል ግሪክ ምን ይጎድልባታል? ሄደው ያዩትን ቢናገሩ ግን ግሪኮች ሳይዋጉ እጃቸውን ይሰጡ ይሆናል። ሌላ ጊዜም ለግሪኮች እህል የጫኑ መርከቦች በፊቱ ሲያልፉ እንያዛቸው ቢሉት፣ ተዉአቸው፣ የሚጭኑት ለኛው ስንቅ ነው ብሎ አሳለፋቸው።

(ሄሮዶቱስ በዚያ ሠራዊት ውስጥ «ኢትዮጵያውያን» የሚላቸውንም ይቆጥራል፤ የነብርና የአንበሳ ቆዳ የለበሱ፣ ለውጊያ ሲገቡ ግማሽ ገላቸውን ነጭ ግማሹን ቀይ የሚቀቡ። ስሙ ያኔ ከግብፅ በስተደቡብ ላለው ሕዝብ ሁሉ ይሰጥ ስለነበር አያቶቻችን ናቸው ብዬ አልከራከርም። እንደነሱ ርቀን በሰው ጉዳይ መሀል መገኘታችንን ግን እዚህ ጅሊብ ተቀምጬ አልክድም።)

አሁን ወደ ኩዌት። ኩዌት ከእንግሊዝ ጥበቃ የወጣችው በሰኔ 1953 ዓ.ም. ነው። ሳምንት ሳይሞላ የኢራቁ መሪ ዐብዱል ከሪም ቃሲም ይህች መሬት የባስራ ግዛት አካል ናት፣ የኔ ናት አለ። እንግሊዞች ወዲያው ወታደር አወረዱ፣ በኋላም የዐረብ ሊግ ጦር ተተካ፣ ነገሩም በረደ። በመጋቢት 1965 የኢራቅ ወታደሮች ሳሚታ የሚባለውን የድንበር ጣቢያ ያዙ። ያም በልመናና በሽምግልና ተፈታ። ኩዌቶች ከነዚህ ሁለት ጊዜያት አንድ ነገር ተማሩ፦ ጎረቤታቸው ይጮሃል፣ ይገፋል፣ ከዚያ ዋጋውን ይናገራል። ትምህርቱ ስህተት አልነበረም። ችግሩ ሁለት ጊዜ የሠራ ትምህርት ለሦስተኛውም ይሠራል ተብሎ መታመኑ ነው።

ከዚያ ኢራቅና ኢራን ተዋጉ፤ ከ1973 መስከረም እስከ 1980 ነሐሴ። ኩዌት በዚያን ጊዜ ከኢራቅ ጎን ቆመች። ወደቧን ከፈተች፣ ገንዘብ አበደረች። ብድሩ ወደ 14 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል። ጦርነቱ ሲያበቃ በኢራቁ መሪ በሳዳም ሑሴን እጅ የቀሩት በስምንት ዓመት ውጊያ የሰለጠነ ግዙፍ ሠራዊት፣ ወደ ቤቱ ቢመለስ ሥራ የማያገኝ ወጣት፣ ሊከፍለው የማይችለው ዕዳና ባዶ ካዝና ነበሩ። የኢራቅ ክርክር ይህ ነበር፦ እኛ በደማችን የዐረቡን ምሥራቃዊ በር ጠበቅን፣ እናንተ ደግሞ ብድር ትላላችሁ? ኩዌት ዕዳውን አልሰርዝም አለች፤ ብትሰርዘው የድንበሩን ነገር በምን ትደራደራለች?

የ1982 ዓ.ም. ዝግጅት የተጀመረው በታንክ ሳይሆን በንግግር ነው። በየካቲት አማን ላይ ሳዳም ለጎረቤቶቹ መሪዎች ዕዳው እንዲሰረዝና 30 ቢሊዮን ዶላር ተጨማሪ እንዲሰጠው እንደሚፈልግ ነገራቸው። በግንቦት መጨረሻ ባግዳድ ላይ በተጠራው የዐረብ መሪዎች ጉባኤ፣ በር ተዘግቶ፣ ጦርነት በወታደር ብቻ አይካሄድም፣ የነዳጅ ዋጋ እያወረዱ የሰውን ጉሮሮ መዝጋትም ጦርነት ነው አለ። የኩዌቱ አሚር ጃቢር አል አሕመድም ከአድማጮቹ አንዱ ነበሩ። በጥር ከ20 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው የነዳጅ በርሜል በሰኔ ወደ 14 ወርዷል። ኢራቅ አንድ ዶላር በወረደ ቁጥር በዓመት አንድ ቢሊዮን አጣለሁ ትል ነበር፤ ኩዌት ደግሞ ከተመደበላት ኮታ በላይ ትቀዳ ነበር። ለዚህ ሁሉ መልስ ለመስጠትም ኩዌት አልተጣደፈችም።

ኩዌት በዚያ ሰሞን ራሷን ታዳምጥ ነበር። ምክር ቤቷ ከተበተነ አራት ዓመት ሆኖታል። በየሰው ዲዋንያ፣ ማለት ወንዶች ማታ ማታ ተሰብስበው ሻይ እየጠጡ በሚጫወቱበት እልፍኝ፣ ምክር ቤቱ ይመለስ የሚል ንቅናቄ ተነሥቶ ፖሊስ ይበትን ነበር። ሰኔ 3 መንግሥት በምትኩ «ብሔራዊ ምክር ቤት» ብሎ ምርጫ አካሄደ፣ ተቃዋሚው አልሳተፍም አለ። ሐምሌ ሲገባ ሙቀቱ ገፋ፣ አቅም ያለው ቤተሰብ እንደየዓመቱ ለዕረፍት ወደ ውጭ ወጣ።

ሐምሌ 9 የኢራቁ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጣሪቅ ዐዚዝ ለዐረብ ሊግ ዋና ጸሐፊ የጻፈው ደብዳቤ ቀረበ። ደብዳቤው ኩዌትን በስም ጠርቶ ከሰሰ፦ ከድንበር ላይ ካለው የሩመይላ የነዳጅ መስክ የ2.4 ቢሊዮን ዶላር ነዳጅ ሰርቃለች፣ መሬት ገፍታለች፣ ዋጋ አውርዳለች። በማግስቱ ሐምሌ 10 በኢራቅ የአብዮት በዓል ሳዳም ራሱ በቴሌቪዥን ተናገረ፦ ቃል ካልበቃ ሌላ ነገር ማድረግ ይኖርብናል። ነጋሪት እንደ መጎሰም ነው። በኛ አገር አጤ ምኒልክ መስከረም 1888 ክተት ሲያስነግሩ ጠላትም ወዳጅም እንዲሰማ ነበር፣ የሰማውም ሰው ወሬ ነው ብሎ አልተቀመጠም፣ ስንቁን ጫነ። ኩዌት የሰማችው ግን የሸቀጥ ገበያ ጩኸት ነበር።

በነዚያው ቀናት አንድ ሰው ሥዕል እያየ ነበር። ፓት ላንግ በአሜሪካ የመከላከያ የስለላ መሥሪያ ቤት የመካከለኛው ምሥራቅን ጉዳይ የሚከታተል የቀድሞ ኮሎኔል ነበር። ከሰማይ የተነሣው ፎቶ ከኩዌት በስተሰሜን ያለውን በረሃ ያሳያል። በፊት ባዶ አሸዋ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ቲ-72 ታንኮች ተሰልፈዋል። ይህን ታንክ ኢራቅ ለምርጡ ጦሯ፣ ለሪፐብሊካን ጋርድ፣ ነበር የምትሰጠው። ሐሙራቢ ክፍለ ጦር ነበር። መዲና ተከተለው፣ ከዚያ ተወከልና። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ35,000 በላይ ወታደር ድንበሩ አጠገብ ሰፈረ። ታንኩ በሰንሰለቱ እየዳኸ አልመጣም፤ ኢራቅ ለኢራን ጦርነት ብላ በገዛቻቸው ረጃጅም ተጎታች መኪናዎች ተጭኖ በአስፋልት መጣ። ከኩዌት ወደ ባግዳድ በመኪና የሄዱ የምዕራብ አገሮች ወታደራዊ አታሼዎች በሺህ የሚቆጠር ወታደራዊ ተሽከርካሪ ወደ ደቡብ ሲነጉድ በዓይናቸው አዩ። ማንም አላስቆማቸው። የሰርዴስ ሰላዮች ያዩትን ያህል አይተው አለፉ።

ሰላዮቹን የላኩት ግሪኮች መቶ በመቶ ባይስማሙም ጥላቸውን ወደ ኋላ ትተው ኅብረት ፈጥረው ነበር፤ ሰላዮቹ ተመልሰው የተናገሩትን ሰምተውም እጃቸውን አልሰጡም። በ1982 የተናገሩት ሰዎች ያገኙት መልስ ሌላ ነበር። ሳዳም ሊወርር ቢፈልግ እንዲህ በግልጽ ያሰልፍ ነበር ወይ? የሚያሳየው ለማስፈራራት ነው፣ የሚያስፈራራውም ለገንዘብ ነው። የግብፁ ሙባረክ፣ የዮርዳኖሱ ሑሴን፣ የሳዑዲው ፋህድ ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ይህን ይሉ ነበር። የአሜሪካን ተንታኞችም ብዙዎቹ ያው ነበሩ፤ ገና የጥይት ክምችት አልመጣም፣ መድፉ ወደ ፊት አልተጠጋም እያሉ የሌለውን ይቆጥሩ ነበር። የኩዌት ጦር 16,000 ገደማ ነበር። መጀመሪያ ተጠንቀቅ ተባለ፣ ቆየት ብሎ ሳዳምን እንዳናስቆጣው ተብሎ ተጠንቀቁ ላላ። የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች ብቻ አሜሪካን ነዳጅ የሚሞሉ አውሮፕላኖች ላኩልኝ አለች። ሁለት ተላኩላት፣ ጎረቤቶቿም ምን ያንቀጠቅጣታል አሉ።

ሐምሌ 18 እኩለ ቀን ላይ የአሜሪካ አምባሳደር ኤፕሪል ግላስፒ ባግዳድ ውስጥ በድንገት ተጠራች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳዳምን ብቻዋን አግኝታው አታውቅም። ኢራቅ ባወጣችው የንግግሩ ቅጂ መሠረት አምባሳደሯ አሜሪካ በሁለት ዐረቦች መካከል ባለ የድንበር ክርክር አቋም የላትም አለች። ይህ ዐረፍተ ነገር ስንት መጽሐፍ አስጽፏል። እኔን ግን የሚስበኝ በመሀል የሆነው ነው። ስልክ ጮኸ፣ ሳዳም ወጣ፣ ተመለሰ። የደወለው ሙባረክ ነበር። ጂዳ ላይ ከኩዌቶች ጋር ልንነጋገር ተስማምተናል አላት፣ ተስፋ እስካለ ድረስ ምንም አይደረግም አላት። አምባሳደሯ ያን ሰምታ ተረጋጋች፣ ከቀናት በኋላም ለዕረፍት ወደ አገሯ በረረች።

ከዚያ ውይይት ሁለት ቀን በኋላም የሚያረጋጋ ነገር መጣ። ጄኔቫ የተሰበሰቡት የነዳጅ ላኪ አገሮች ማኅበር፣ የኦፔክ፣ ሚኒስትሮች የበርሜሉን ዒላማ ዋጋ ከ18 ወደ 21 ዶላር ከፍ አደረጉ፣ ኩዌትም ኮታዋን እጠብቃለሁ አለች። ሳዳም የፈለገውን ካገኘ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈልጋል? አባባሉ እውነት ይመስላል። ጦሩ ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ቁጥሩ ጨመረ።

እዚህ ላይ የራሳችን ታሪክ ትዝ ይለኛል። በ1927 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ወታደር፣ በቅሎ፣ መኪናና ቦምብ ምጽዋ የደረሰው በሌሊት ተደብቆ አይደለም። በስዌዝ ቦይ በቀን እየተቆጠረ ነው ያለፈው፤ ቦዩን የሚያስተዳድረው ኩባንያም እንደማንኛውም መንገደኛ ክፍያውን ተቀብሎታል። መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን ተሻገረ። ከ55 ዓመት በኋላ፣ ኩዌት በተያዘች በአራተኛው ወር፣ ኅዳር 20 ቀን 1983፣ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር በጸጥታው ምክር ቤት ንግግራቸውን የከፈቱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ ከተናገሩት ጠቅሰው ነው። ይህን የኩዌቱ አሚር የተናገሩት ይመስላል፣ ግን በ1928 ዓ.ም. የተናገሩት የኢትዮጵያው መሪ ናቸው አሉ። ኢትዮጵያ ያን ዓመት የምክር ቤቱ አባል ነበረች። ጃንሆይን ያወረደው ሥርዓት ተወካይ የጃንሆይን ቃል ከአሜሪካዊው አፍ ሰምቶ ድምፁን ሰጠ፦ ኢራቅ ካልወጣች በጦር ትውጣ የሚለው ውሳኔ 12 ለ 2 አለፈ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ምጽዋን ካጣች ዓመት ሊሞላት ነበር።

ወደ ሐምሌ ልመለስ። በመጨረሻው ሳምንት የጎደለው ሁሉ መሟላት ጀመረ። ተንታኞቹ የለም ሲሉት የነበረው መድፍ መጣ፣ ጥይት መጣ፣ ነዳጅና ውሃ ጫኝ ቦቴ መጣ። ሐምሌ 23 ፓት ላንግ ለአለቃው ማስታወሻ ጻፈ፦ ሰውየው የሚያስፈራራ ነው ብዬ አላምንም፣ የሚሰበስበው ለማስፈራሪያ ከሚበቃው በላይ ነው። በሲአይኤ ውስጥም ማስጠንቀቂያ መስጠት ሥራው የሆነው ቻርልስ አለን ቀደም ብሎ ጦርነት ሊነሣ ነው የሚል ጽሑፍ አሰራጭቶ ነበር። ሁለቱም ተነበቡ። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ድንበሩ ላይ ወደ 100,000 ወታደር ነበር።

የተደበቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ቀኑ። እሱን ሳዳም ከገዛ ጄኔራሎቹም ደበቀ። የኢራቅ ጦር ኤታማዦር ሹም የነበረው ኒዛር አል ኸዝረጂ በኋላ እንደተናገረው ኩዌት መያዟን የነገሩት ከተያዘች በኋላ ነው። ዘመቻው የሪፐብሊካን ጋርድ ነበር፣ ጋርዱም የሳዳም።

ሐምሌ 24 ማታ የኩዌቱ አልጋ ወራሽ ሼኽ ሰዐድና የኢራቁ ዒዘት ኢብራሂም ጂዳ ላይ ተቀመጡ። በማግስቱ ያለ ውጤት ተለያዩ፤ ቀጣዩ ዙር ባግዳድ ይሆናል ተብሎም ነበር። የኩዌት ልዑካን አገራቸው የገቡት ያን ማታ ነው።

ሐምሌ 25 ምሽት በኩዌት በረሃ ከፍ ብሎ በገመድ የታሰረ ትልቅ የራዳር ባሉን ተንጠልጥሎ ነበር። ከሥሩ የተቀመጡት ሰዎች ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ከድንበሩ ማዶ ረጅም የተሽከርካሪ ሰልፍ ሲንቀሳቀስ አዩ። ከዐሊ አል ሳሊም የጦር አየር ማረፊያ ብዙ በማይርቅ ካምፕ ውስጥ የኮሎኔል ሳሊም አል ሱሩር 35ኛ ብርጌድ ተነሡ የሚል ትእዛዝ ደረሰው። ከወታደሩ ብዙው በዕረፍት ላይ ነው፣ የታንኩ ጥይት መጋዘን ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ብርጌድ ለመነሣት አንድ ቀን ሙሉ ይፈጅበታል። የተገኙት ወታደሮች በባዶ እጃቸው ጥይት እየተሸከሙ፣ በጨለማ፣ ካናቴራቸው ላብ በላብ ሆኖ ታንኮቹን ሞሉ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ 36 ቺፍቴን ታንኮች ይዘው ወጡ፤ ወደ ጃህራ፣ ስድስተኛው ቀለበት መንገድ ወደሚደርስበት መገናኛ። ይኸው ዛሬ እኛ በአውቶቡስ የምንሄድበት ስድስተኛ ቀለበት ነው። በዚያ ጠዋት የሐሙራቢን ሰልፍ ያቆሙት ጥቂት ሰዓታት ከዚያ ሌሊት ዝግጅት የወጡ ናቸው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ኢራቅ ድንበሩን ተሻግራለች። በ9 ሰዓት ግድም ኩዌት ያሉት የእንግሊዝ አምባሳደር ለንደን ላለው መሥሪያ ቤታቸው ደውለው ኢራቆች ድንበር ጥሰዋል አሉ። ለንደን ውስጥ ወሬው ከቢሮ ወደ ቢሮ ተላለፈ። ለብሪቲሽ ኤርዌይስ ግን ማንም አልነገረውም፤ ይህንንም የእንግሊዝ መንግሥት ያመነው ከ31 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት በረራ ቁጥር 149፣ 367 መንገደኞችና 18 የበረራ ሠራተኞች ይዞ፣ ከለንደን ተነሥቶ በኩዌት በኩል ወደ ማድራስና ኩዋላላምፑር እየበረረ ነበር። ኩዌት የሚቆመው ነዳጅ ለመሙላትና ሠራተኛ ለመቀየር ነበር።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ላይ፣ ሐምሌ 26 ሊነጋጋ ሲል፣ ከጅሊብ አጠገብ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ አረፈ። መንገደኞቹ እግራቸውን ሊያፍታቱ ወረዱ።